የቺምፓንዚ አእምሮ ጥናት ከእንግዲህ ወዴት ነው የሚሄደው? የምታውቁ እስቲ ንገሩኝ

የሰንዳፋዋ መምህርት፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ሰንዳፋ ነው የምኖረው። ሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ አስተምራለሁ፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ አዲስ አበባ እየገባሁ ማስተርሴን እማራለሁ። የፕሮፖዛል ጊዜ ደርሶ ጭንቅ ላይ ነኝ።

ልቤ ያለው የቺምፓንዚ አእምሮ ላይ ነው። ተማሪዎቼ "ቲቸር፣ እንስሳ ያስባል ወይ?" ሲሉኝ አዎ ወይም አይ ብዬ ማለፍ አልወድም። ጥያቄው ከመቶ ዓመት በላይ ሰው ሲሠራበት የቆየ ነው። ቮልፍጋንግ ኮህለር የሚባለው ጀርመናዊ ገና በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ቴኔሪፍ ደሴት ላይ ሆኖ ሙዝ ከፍ አድርጎ ይሰቅል ነበር፤ ቺምፓንዚዎቹ ሳጥን በሳጥን ላይ ደራርበው ሲያወርዱት አየ። ሱልጣን የሚባለው ደግሞ አንዱን ዘንግ በሌላው ቀዳዳ ሰክቶ አስረዘመና ምግቡን ሳበ። ጄን ጉዶል በ1960 ታንዛንያ ጎምቤ ገብታ ቺምፓንዚዎች በሳርና በቀንበጥ ምስጥ እያጠመዱ ሲበሉ አሳየችን። በ1970 ጎርደን ጋለፕ መስታወት ሰጣቸው፤ ፊታቸው ላይ የተቀባውን ቀለም በመስታወቱ እያዩ ነካኩት። በ1978 ፕሪማክና ዉድረፍ የሚባሉ ተመራማሪዎች "ቺምፓንዚ ሌላው ምን እንደሚያስብ ይገባዋል ወይ?" ብለው ጠየቁ። ያ ጥያቄ እስከዛሬ አልተዘጋም። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው።)

አማካሪዬ ግን መንገዱ አልቋል ነው የሚሉኝ። አሜሪካኖቹ ከ2015 ወዲህ ትተውታል፣ እንስሳው ራሱ ለመጥፋት ተቃርቧል፣ እኛ አገር ደግሞ በዱር የሚኖር አንድም ቺምፓንዚ የለም፣ ስለዚህ ሌላ ርዕስ ፈልጊ አሉኝ። እኔ ደግሞ ከልቤ ሊወጣልኝ አልቻለም።

እስቲ በዚህ ሙያ ያለፋችሁ ንገሩኝ። እውነት አልቋል? ካላለቀ ወደፊት የሚጠየቀው ምንድን ነው፣ የትስ ነው የሚሠራው? ከከተማ ዳር ሆኖ፣ ላቦራቶሪ ሳይኖረው፣ ቺምፓንዚ በዓይኑ ሳያይ እዚህ ጥያቄ ውስጥ መግባት ለሚፈልግ ሰውስ በር አለው ወይ?

ሐይቅ ዳር፦

እህቴ፣ አማካሪሽ ያሉት ግማሹ ልክ ነው። ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች አንድ ላይ ገብተዋል። አሜሪካ ውስጥ የቆመው ለሕክምና ተብሎ የሚደረገው ነው፤ ቫይረስ እየሰጡ፣ ክትባት እየሞከሩ፣ ዕድሜ ልክ ጎጆ በማታክል የብረት ክፍል ውስጥ ማስቀመጥ። በ2015 መንግሥታቸው በሰው እጅ ያሉትንም ቺምፓንዚዎች "ለመጥፋት የተቃረቡ" ብሎ መዘገባቸው፣ የጤና ምርምር ተቋማቸውም በዚያው ዓመት እጁን አወጣ። እሰየው ነው የምለው። የአእምሮ ጥናቱ ግን ቦታ ቀየረ እንጂ አልቆመም።

የት ሄደ ካልሽ ወደ መጠለያዎችና ወደ ጫካ። ላይፕሲግ ያለው የእንስሳት ማቆያ ከ2001 ጀምሮ የምርምር ማዕከል አለው፣ እሱም እንደቀጠለ ነው። እኔ የማውቀው ግን መጠለያውን ነው። ዩጋንዳ ነው የተማርኩት፣ እዚያ እያለሁ አንድ መጠለያ ውስጥ በረዳትነት ሠርቻለሁ። እነዚህ ቺምፓንዚዎች አብዛኞቹ እናታቸው ለሥጋ ተገድላ፣ እነሱ ደግሞ ለመሸጥ ሲጓጓዙ የተያዙ ወላጅ አልባዎች ናቸው። ቀን ጫካ ይለቀቃሉ፣ ማታ ለምግብና ለመኝታ ይመለሳሉ። ሙከራው የሚሠራው ጠዋት ከመለቀቃቸው በፊት ማደሪያቸው ውስጥ ነው። ፈቃደኛ ያልሆነ ጀርባውን ሰጥቶ ይቀመጣል፣ በቃ፣ የዚያን ቀን ሙከራ የለም ማለት ነው።

አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ለፕሮፖዛልሽም ይጠቅማል። ዕድሜዋ ገፋ ያለ አንዲት ሴት ነበረች። ሁለት ሳጥን ሲቀርብላት ጣቷን በፍርግርጉ አሾልካ ከመጠቆሟ በፊት ቀና ብላ የሚያቀርብላትን ሰው ፊት ታያለች። ሳጥኑን ሳይሆን ሰውየውን! ዓይኑ በየት በኩል ትንሽ እንደዘነበለ ፈልጋ ታገኛለች። ለዚህ ነው አቅራቢው ሁልጊዜ አንገቱን ደፍቶ ጉልበቱን የሚያየው፤ ምግቡን የደበቀውና ሳጥኑን የሚያቀርበው ሰውም ቢለያዩ ይመረጣል፣ ያን ጊዜ አቅራቢው ራሱ መልሱን አያውቀውም። ይሄንን ያልተጠነቀቀ ሙከራ የሚለካው ሰውን የማንበብ ችሎታቸውን ነው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ከቅርብ ጊዜው በጣም የወደድኩት በ2025 ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣው ነው፣ ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ ባለችው የንጋምባ ደሴት መጠለያ የተሠራ። ሁለት ሳጥን አለ፣ ምግብ ያለው አንዱ ውስጥ ነው። ለቺምፓንዚው መጀመሪያ ስለ አንደኛው ሳጥን ፍንጭ ይሰጡታል፣ ይመርጣል። ቀጥሎ ስለ ሌላኛው ሳጥን ሌላ ፍንጭ ይሰጡታል። አንዱ ፍንጭ ጠንካራ ነው፣ ምግቡን በዓይን ማየት። ሌላው ደካማ ነው፣ ሳጥኑ ሲነቀነቅ ድምፅ መስማት። አዲሱ ማስረጃ ከበፊቱ ሲጠነክር ምርጫቸውን ቀየሩ፣ ደካማ ሲሆን በያዙት ጸኑ። ከዚያ ደግሞ የመጀመሪያው ማስረጃ ራሱ የማይረባ መሆኑን አሳዩአቸው፤ ድምፁን ያሰማው ለካ ድንጋይ ነው፣ ምግብ የመሰለው ሥዕል ነው። ይሄንንም ሒሳብ ውስጥ አስገቡት። ወደፊት የሚሄደው በዚህ በኩል ይመስለኛል። "ይችላል፣ አይችልም" የሚለው ጥያቄ ጊዜው እያለፈ ነው። አሁን የሚጠየቀው አንድን ነገር እንዴት አመነ፣ በምን ሐሳቡን ቀየረ፣ የትኛው ግለሰብ ቀየረ፣ የትኛውስ አልቀየረም የሚለው ነው።

ሌላው ባህል ነው። ዛምቢያ ቺምፉንሺ መጠለያ ውስጥ አንድ ለውዝ የሚሰጥ ማሽን አስቀመጡ። ለማግኘት የእንጨት ኳስ ማንሳት፣ መሳቢያ መሳብ፣ መሳቢያውን እንደያዙ ኳሱን መክተት ያስፈልጋል። ሦስት ወር አስቀመጡት፤ ከ66 ቺምፓንዚዎች አንድም አልቻለበትም። ከየቡድኑ አንድ ብቻ አሠልጥነው መልሰው ቀላቀሉ። በሌላ ሦስት ወር ውስጥ 14ቱ እያዩ ተማሩት። በ2024 ነው የወጣው። እስከዚያ ድረስ "ቺምፓንዚ ከሌላው የሚቀዳው ራሱም ሊደርስበት የሚችለውን ብቻ ነው" የሚል ጠንካራ ክርክር ነበር። ብቻውን ሊደርስበት ያልቻለውን ነገር ከጓደኛው መውሰድ ከቻለ የሰው ባህል ከየት ጀመረ የሚለው ጥያቄ ሌላ መልክ ይይዛል። ቀጣዩ ሥራ ታዲያ ይሄ እውቀት ለልጅ ይተላለፋል ወይ፣ በመተላለፍ ላይ ይሻሻላል ወይ የሚለው ነው። ይሄ ደግሞ አሥርና ሃያ ዓመት ይፈልጋል፣ ችኩል ሰው አይሠራውም።

ጋሼ ሱሉልታ፦

ልጄ፣ ጥያቄሽ ደስ ብሎኛል። ሐይቅ ዳር ያለው ጥሩ ነው፤ እኔ ግን ትንሽ ጠንከር ያለ ነገር አለኝ። ዕድሜዬን ሁሉ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ፣ አሁን ጡረታ ወጥቼ ሱሉልታ ቤቴ ቁጭ ብዬ አነባለሁ።

የዚህ ጥናት ትልቁ ችግር ሚዛኑ የሰው መሆኑ ነው። ለእኛ የሚጠቅመንን እናቀርብለታለን፣ ከእኛ ጋር እናስተያየዋለን፣ ከዚያ ነጥብ እንሰጣለን። አዩሙ የሚባለውን የጃፓኖቹን ቺምፓንዚ ውሰጂ። በ2007 ኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ ያወጡት ነው። ስክሪን ላይ ቁጥሮች ተበታትነው ብልጭ ይላሉ፣ ከሰከንድ ሩብ ባነሰ ጊዜ ውስጥ በነጭ አራት ማዕዘን ይሸፈናሉ። አዩሙ የትኛው ቁጥር የት እንደነበር አስታውሶ በቅደም ተከተል ይነካቸዋል። ተማሪዎቹ ከእሱ አነሱ። ዓለም ሁሉ "ቺምፓንዚ በማስታወስ ሰውን በለጠ" አለ። ቆየት ብሎ ሰዎችም በደንብ ሲለማመዱ እዚያው ደረጃ ደረሱ። አዩሙ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲለማመድ የኖረ ነው፣ ተማሪው ደግሞ ያን ቀን የመጣ። ያ አልታየም ነበር። አዩሙን ለማሳነስ አይደለም፤ አንድ ትንሽ እንስሳ ያንን ሲሠራ ማየት ያስደንቃል። ግን አንድ ጎበዝ ግለሰብ ስለ ዘሩ ሁሉ አይመሰክርም፣ ልምምድና ችሎታም መለየት አለባቸው።

ስለዚህ እኔ ብጠየቅ ሙከራው ወደ ጫካው ይሂድ ነው የምለው። የሚጠየቁትም እነሱ በኑሯቸው ለሚገጥማቸው ነገር ይሁን። ዩጋንዳ ቡዶንጎ ጫካ ውስጥ የሠሩትን ተመልከቺ። ቺምፓንዚዎቹ የሚሄዱበት መንገድ ላይ የውሸት እፉኝት አስቀመጡ። ያየው ቺምፓንዚ ይጮሃል። ግን እንዴት ነው የሚጮኸው? አጠገቡ ያለው ጓደኛው እባቡን ካላየ፣ ማስጠንቀቂያውንም ካልሰማ፣ አብዝቶ ይጮሃል። ጓደኛው ካወቀ ይቀንሳል። በ2012 ነው ያወጡት። ፕሪማክ በ1978 የጠየቀውን ጥያቄ በአንድ የውሸት እባብ ጫካ ውስጥ ጠየቁት ማለት ነው፤ ያለ ሥልጠና፣ ያለ ሽልማት።

የማሩም እንደዚሁ ነው። እዚያው ዩጋንዳ ሁለት ቦታ፣ ቡዶንጎና ኪባሌ ውስጥ ያለው ካንያዋራ፣ ግንድ በስተው ማር አደረጉበት። የካንያዋራዎቹ እንጨት ሰደው አወጡ። የቡዶንጎዎቹ ቅጠል አኝከው እንደ ስፖንጅ አድርገው ነከሩት። ዘሩ አንድ ነው፣ ፈተናውም አንድ ነው፣ የሚለያየው አገሩ የለመደው ነገር ነው። እንዲህ ዓይነቱ ሙከራ በብዙ ጫካ ቢደገም እንዴት ያለ ነገር እናውቅ ነበር!

ግን እዚህ ላይ አደብ ያስፈልጋል። እኛ ወደ ጫካው ስንሄድ ጉንፋናችንን ይዘን ነው የምንሄደው። በ2013 ካንያዋራ ውስጥ የሰው ጉንፋን የሚያመጣው ራይኖቫይረስ ገብቶ ከ56ቱ 5ቱን ገደለ። ለሰው ልጅ አፍንጫ የሚያፈስ ነገር ለእነሱ ሞት ነው። ቺምፓንዚ ቀስ ብሎ ነው የሚወልደው፣ አንዲት እናት በአምስትና በስድስት ዓመት አንድ ልጅ ብትወልድ ነው፣ አምስት ሞት ቶሎ አይተካም። የወደፊቱ ሙከራ ንድፍ ሲጻፍ ማስኩ፣ ርቀቱ፣ ከመግባት በፊት የሚቆዩት ቀን በመጀመሪያው ገጽ ላይ መሆን አለበት። በአባሪ መልክ መጨረሻ ላይ የሚለጠፍ ነገር አይደለም።

ኮዬ ፈጬ ማታ ማታ፦

ጋሼ እጅ ነስቻለሁ። እኔ የኮምፒውተር ሰው ነኝ፣ ባዮሎጂ አልተማርኩም፣ ግን ይሄ ጉዳይ ውስጥ በምስል መለየት በኩል ነው የገባሁት።

መምህርት፣ "ቺምፓንዚ በዓይኔ ሳላይ" ላልሽው በር አለ። ሁለት ነገር ልንገርሽ።

አንደኛው ዓይን መከታተያው ነው። በ2016 የተሠራውን ምናልባት ታውቂዋለሽ። ቺምፓንዚው ከቱቦ ጁስ እየመጠጠ ቪዲዮ ያያል፣ ጁሱ አንገቱን ቀጥ አድርጎ እንዲቆይ ነው የሚረዳው። ቪዲዮው ላይ የዝንጀሮ ልብስ የለበሰ ሰው ከሁለት የሳር ክምር አንዱ ውስጥ ይደበቃል፣ ሌላው ሰውዬ ያየዋል። ሰውዬው ዞር ሲል የተደበቀው ቦታ ይቀይራል፣ ከዚያም ጭራሽ ጥሎ ይሄዳል። ሰውዬው ዱላ ይዞ ተመለሰ። የትኛውን ክምር ይመታል? ካሜራው የቺምፓንዚው ዓይን ቀድሞ የት እንዳረፈ ይመዘግባል። ብዙዎቹ ያዩት ሰውዬው "እዚህ ነው ያለው" ብሎ በተሳሳተ ወደሚያምንበት ክምር ነው። ቦኖቦና ኦራንጉታን የሚባሉት የቺምፓንዚ ዘመዶችም እንደዚሁ። ምንም ቃል የለም፣ ሥልጠና የለም፣ ዓይን ብቻ።

ሁለት ዓመት አይሉት ሦስት፣ ክርክር ተነሳ። "የሌላውን ሐሳብ ሳይሆን ባህሪን ብቻ ነው የሚከተሉት" የሚሉ ነበሩ። በ2019 ብልህ ነገር ተሠራ፤ ሰውዬው ፊት ለፊት ያለው መጋረጃ ያሳያል ወይስ አያሳይም የሚለውን ቺምፓንዚዎቹ በራሳቸው ልምድ ብቻ እንዲያውቁ አደረጉ፣ ከሩቅ ሲታይ ሁለቱም መጋረጃ አንድ ናቸው። የራሳቸውን ልምድ ወስደው ሰውዬው ምን እንዳየ ገመቱ። ይሄ ዘዴ ገና ብዙ ይሄዳል። በ2023 በዚሁ በዓይን መከታተያ የድሮ ጓደኞቻቸውን ፎቶ ከማያውቁት ጎን አድርገው አሳዩአቸው፣ የሚያውቁትን ረዘም አድርገው ያያሉ። አንዲት ቦኖቦ እህቷንና የእህቷን ልጅ ካየች ከ26 ዓመት በላይ ሆኗት ነበር፤ ያንን ሳነብ ዕንባዬ መጣ፣ እውነቴን ነው።

ሁለተኛው የቁጥር ማነስ ነው። ጋሼ ያሉት ትክክል ነው፣ አንድ አዩሙ አይበቃም። አንድ ማቆያ ውስጥ ያሉት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሃያ አይበልጡም። ስለዚህ ተመራማሪዎች ተባብረው አንድ ዓይነት ፈተና በየቦታው መሥራት ጀምረዋል። ሜኒ ፕራይሜትስ ይባላል፤ ፕራይሜት ማለት ሰው፣ ዝንጀሮ፣ ጦጣና የመሳሰሉት ያሉበት ወገን ነው። ፈተናቸው ቀላል ነው፣ ሦስት ኩባያ ተደፍቶ አንዱ ሥር ምግብ ይደበቃል፣ ወዲያው ወይም ጥቂት ቆይቶ ይመርጣል። በ2022 ባወጡት ላይ 41 ዓይነት ዝርያ አለበት፣ ከ400 በላይ እንስሳት። ዳታው ደግሞ ለማንም ክፍት ነው። ኮዬ ፈጬ ቁጭ ብዬ፣ ኔትወርኩ በሌሊት ሲሻል፣ እኔ አውርጄ አይቼዋለሁ። ስታትስቲክስ ከቻልሽ አንድ ጥሩ ጥያቄ ይዘሽ እዚያው ላይ መሥራት ትችያለሽ።

ኧረ ሌላም አለ። ጊኒ ቦሱ ውስጥ ቺምፓንዚዎች በድንጋይ ጠንካራ የዘንባባ ፍሬ ሲሰብሩ ለዓመታት የተቀረጸ ቪዲዮ ነበር። በ2019 ኮምፒውተር አሠልጥነው የ23 ቺምፓንዚዎችን ፊት እንዲለይ አደረጉት፣ ከአሥር ጊዜ ከዘጠኙ በላይ በትክክል ይለያል። ሰው በዓይኑ ቢሞክር ስንት ዓመት ይፈጅ ነበር? የቦሱ ቡድን አሁን ጥቂት ነው የቀረው። ቪዲዮው ግን አለ፣ ጥያቄ ያለው ሰው ከጠየቀው ገና ይመልሳል።

የሰንዳፋዋ መምህርት፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ ስለ ጉንፋኑ ያሉት ልቤን ነካው። አንድ ሐሳብ መጣልኝ፣ ሞኝነት ከሆነ አርሙኝ። የኩባያውን ፈተና በእኛ ጭላዳ ላይ ብሠራስ? ደብረ ሊባኖስ ገደሉ ጫፍ ላይ ከሰው ጋር ተላምደው ይታያሉ። ከሱሉልታ አልፎ በጫንጮና በሙከጡሪ በኩል ደርሶ መልስ ይሆናል። ቺምፓንዚ ላይ የተጠየቀውን ጭላዳ ላይ ጠይቄ ማወዳደር።

መንዜው፦

እህት ዓለም፣ ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ኩባያውን ግን ተይው።

እኔ የጓሳ አካባቢ ልጅ ነኝ፣ አሁን ኑሮዬ ለገጣፎ ነው። ጭላዳ ዋና ምግቡ ሳር ነው፣ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብሎ እየነጨ ነው የሚውለው። በምግብ አታባብይውም፣ ካባበልሽውም የባሰ ነው። ምግብ ከሰው እጅ ይመጣል ብሎ የለመደ ጭላዳ ነገ ገብስ ማሳ ውስጥ ነው የሚገኘው። የሚጎዳው ገበሬው ነው፣ ከዚያ በድንጋይ የሚባረረው ጭላዳው ነው። ደብረ ሊባኖስ መንገድ ዳር ሰው ቆሎና ዳቦ ሲወረውርላቸው ሳይ ያመኛል። ተመራማሪ ነኝ ያለ ሰው ይሄንን መጨመር የለበትም።

ድምፅ ግን ትችያለሽ። ስሜን ተራሮች ላይ ከ2006 ጀምሮ የሚያጠኗቸው ሰዎች በጣም የሚገርም ነገር አግኝተዋል። ጭላዳ የሚኖረው እንደምታውቂው በቤተሰብ ነው፤ አንድ አውራ ወንድ፣ ከሥሩ ሴቶችና ልጆች። ብዙ ቤተሰብ ደግሞ አብሮ ይሰማራል፣ መቶዎች ሆነው። ድምፅ ማጉያ ደብቀው የተለያየ ጭላዳ ድምፅ አሰሟቸው። ከራሳቸው ቤተሰብ ውጪ ያለውን፣ ሁልጊዜ አብሯቸው የሚሰማራውን እንኳ በድምፁ የሚለዩት አይመስልም። በ2010 ነው የወጣው። ቺምፓንዚ እንዲህ አይደለም፣ ከሩቅ የሚጮኸው ማን እንደሆነ ያውቃል። ታዲያ ለምን? ይሄ ነው ጥያቄው። ሺህ ውስጥ የሚኖር ሁሉንም ማወቅ አይጠቅመው ይሆን? ወይስ አይችልም?

እንደገና ሞኞች እንዳይመስሉሽ። በ2013 የወጣ ሌላ ሥራ አለ። ከሌላ ወንድ ጋር በድብቅ የምትገናኝ ሴት ድምፅዋን ታፍናለች፣ ወንዱም እንደዚያው። አብዛኛውን ጊዜም የሚገናኙት አውራው ራቅ ሲል ነው። አውራው ሲይዛቸው ይቀጣቸዋል። ይሄ የሌላውን ጆሮ ማሰብ ነው ወይስ ልማድ? ቺምፓንዚ ላይ በ2000 የተሠራውን አስታውሺ፤ ደካማው ቺምፓንዚ ጉልበተኛው የማያየውን ምግብ መርጦ ይሄዳል። ሁለቱም "ሌላው ምን ያውቃል" የሚለው ጥያቄ ናቸው። አንዱ በዓይን፣ አንዱ በጆሮ።

ጓሳ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ቀይ ቀበሮ ጭላዳ መሐል ገብቶ አይጥ ያድናል፣ አይነኩትም፣ አይሸሹትም። ተመራማሪዎች ቆጥረውታል፣ ከጭላዳ ጋር ሲያድን 67 በመቶ ይሳካለታል፣ ብቻውን ሲሆን 25 በመቶ። ጭላዳ ውሻ ሲያይ ገደል ይገባል፣ ቀበሮውን ግን ያውቀዋል። እንዴት ለየው? ይሄን በሙከራ መጠየቅ ይቻላል፣ የሚጠይቅ ሰው ነው የጠፋው።

ሐይቅ ዳር፦

መንዜው ያለው ላይ ልጨምር። የቺምፓንዚ ጥናት አንድ ትልቅ ጉድለት ሁልጊዜ ከሰው ጋር ብቻ መወዳደሩ ነው። "ሰው ይህን ሲችል ቺምፓንዚ አይችልም" ብለን ምክንያቱን ከሁለት ዝርያ ብቻ ማወቅ አንችልም። ሦስተኛ፣ አራተኛ ዝርያ፣ በተለይ ኑሮው የተለየ ዝርያ ያስፈልጋል። ቺምፓንዚ ተበታትኖ ውሎ ይገናኛል፣ ማን ከማን ጋር እንዳለ ማስታወስ ግድ ይለዋል። ጭላዳ አብሮ ይውላል። ይሄ ንጽጽር ለቺምፓንዚው ጥያቄም መልስ ያመጣል። መምህርት፣ ለአማካሪሽ ስታቀርቢ "ቺምፓንዚን ትቼ ጭላዳ ገባሁ" አትበይ፤ ጥያቄው ያው ነው።

የሰንዳፋዋ መምህርት፦

ኩባያውን ትቼዋለሁ። እንዲህ ላድርገው ብዬ አስቤያለሁ። ስሜን ላይ ያገኙት ትልልቅ መንጋ ውስጥ ነው። ደብረ ሊባኖስ በኩል ያሉት መንጋቸው አነስተኛ ሆኖ ከተገኘ፣ አነስተኛ መንጋ ውስጥ የጎረቤት ቤተሰብን ድምፅ ይለያሉ ወይ? መጀመሪያ መንጋውን መቁጠርና ግለሰቦቹን መለየት፣ ከዚያ ድምፅ መቅዳት፣ ከዚያ ማሰማት። መለያየቱ ላይ ኮዬ ፈጬ ብታግዘኝ ደስ ይለኛል፤ ወንዶቹ ደረታቸው ላይ ያለው ቀይ ቆዳ ቅርፁ ይለያያል ወይ ብዬ ነው። ድምፅ ማሰማቱ ላይ የሚያስፈራኝ ነገር ካለ አሁን ንገሩኝ።

ኮዬ ፈጬ ማታ ማታ፦

ፎቶ ላኪልኝ፣ ከአንድ ግለሰብ በተለያየ ብርሃንና በተለያየ አቅጣጫ የተነሳ ብዙ። ደረቱን ብቻ አታንሺ፤ ቀለሙ እንደ ስሜቱና እንደ ደረጃው ስለሚቀያየር ፊቱንም፣ ጠባሳውንም፣ ጆሮውንም ጨምሪ። ኮምፒውተሩን የማሠለጥነው እኔ፣ ትክክል መሆኑን በዓይንሽ የምታረጋግጪው አንቺ።

መንዜው፦

ድምፁ ላይ የሚበላሸው እዚህ ነው። የተቀዳው ድምፅ ሁሉ እኩል ጉልበት ይኑረው፤ አንዱ ከጮኸ የሚዞሩት ለጩኸቱ ነው። ማጉያው የድምፁ ባለቤት ሊገኝ በሚችልበት አቅጣጫ ይደበቅ፣ ባለቤቱ ራሱ ግን በዚያ ሰዓት ለሰሚው የማይታይ መሆን አለበት፤ ፊት ለፊቱ ሳር እየነጨ ድምፁ ከጀርባ ከመጣ ሙከራው አበቃ። በመሐል የወፍ ድምፅም አሰሚ፣ ለማነጻጸር። አንድን ቤተሰብ በተከታታይ ቀን አትፈትኚ፣ ይለምዱታል። የሚዞሩበትን ጊዜ ከቪዲዮ የሚቆጥረው ሰው የትኛው ድምፅ እንደተሰማ አይወቅ። ፈቃዱን ከዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን አስቀድመሽ ጠይቂ፣ ጊዜ ይወስዳል። የአካባቢውን ገበሬም አናግሪ፣ ማጉያሽን የት እንደምትደብቂ ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

ጋሼ ሱሉልታ፦

ስታልፊ ሱሉልታ ደውዪልኝ። ካገሬው ሽማግሌዎች ጋር የማስተዋውቅሽ ሰው አለኝ። ጉንፋን ይዞሽ ከሆነ ግን ያን ሳምንት ቅሪ፤ ለጭላዳም ያው ነው።